የትዳር ጓደኛችሁ የሳንባ ሕመም ገና ሳይለይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ባሕር ዳር ባለቤቴን ይዤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ግል ምርመራ ማዕከል ስመላለስ ቆይቻለሁ። ለዓመታት በማገዶ እንጀራ ጋግራ የሸጠች ሴት ናት፤ ሲጋራ በእጇ ይዛ አታውቅም። ሳሏ መጀመሪያ ብሮንካይት ተባለ፣ ቀጥሎ ቲቢ ተጠረጠረ፣ አሁን ደግሞ የሳንባ ጠባሳ ሳይሆን አይቀርም እየተባለ ነው። ወረፋ ላይ የተዋወቅኳቸው ባሎችና ሚስቶች፣ ከዘጌም ከደቅ ደሴትም ከመርዓዊም የመጡ፣ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የጻፍኩት ሐኪሞችን ጠይቄ የተረዳሁትንና ቤታችን ውስጥ የጠቀመንን ነው። የበሽታው ስም እስኪታወቅ ያለው ጊዜ እጅ አጣጥፎ የሚጠበቅበት አይደለም፤ ለታማሚው ሊደረግ የሚችለው ብዙው ነገር ያለው እዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።

ይህን ያህል ምርመራ ተደርጎ እንዴት በሽታው አይታወቅም? ሐኪሞቹ እየደበቁን ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ መደበቅ አይደለም። የሳንባ ምልክቶች ጥቂት ናቸው፤ በሽታዎቹ ግን ብዙ። ሳልን፣ የትንፋሽ ማጠርን፣ የሌሊት ላብንና ክብደት መቀነስን ቲቢም ያመጣቸዋል፣ የሳንባ ካንሰርም ያመጣቸዋል፣ ሌላም ያመጣቸዋል። ራጅ ላይ የሚታየው ነጭ ጥላም እንደዚያው ነው። «ጥላ አለ» ሲባል አየር መሙላት የነበረበትን ቦታ ሌላ ነገር ይዞታል ማለት ነው። መግል ይሁን፣ ጠባሳ ይሁን፣ ዕጢ ይሁን፣ ራጁ ብቻውን ላይለየው ይችላል። ለዚህ ነው ሲቲ ስካን የሚታዘዘው፤ እሱም ቢሆን አንዳንዴ ሁለት ሦስት አማራጭ ጽፎ ይመለሳል።

ችግሩ ከነጭራሹ ሳንባ ላይ የማይሆንበት ጊዜም አለ። በልጅነት በተደጋጋሚ የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የልብ ቫልቩ የተጎዳ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጋደም ሲል ይብስበታል፣ ደም የነካው አክታም ሊተፋ ይችላል። ስለዚህ በሳል የመጣ ሰው ለልብ አልትራሳውንድ ሲላክ «ደግሞ ልብ ጨመሩብን» ብላችሁ አትደንግጡ። በአገራችን ይህ የልብ ሕመም ብዙ ነው፤ ሐኪሙ ማየቱ ተገቢ ነው።

እኔን የረዳኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዶክተር፣ አሁን የሚጠረጥሩት ምን ምን ነው? ይህ ውጤት ከዚያ ውስጥ የቱን አስወጣልን?» ከዚህ በፊት «ውጤቱ ነፃ ነው» ሲሉን ገንዘባችን በከንቱ የፈሰሰ ይመስለን ነበር። ለካ ከሚፈራው ዝርዝር አንዱ ተሰርዞልን ነበር።

አክታው ነፃ ነው ከተባለ በኋላ ባሌን የቲቢ መድኃኒት ለምን አስጀመሩት?

ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን በ2 ሰዓት አካባቢ ውጤት ይሰጣል፤ ነገር ግን በአክታው ውስጥ ያለው ጀርም በጣም ጥቂት ከሆነ ሊያመልጠው ይችላል። የሚሰጠው ናሙና ምራቅ ብቻ ከሆነማ ማሽኑ ምን ያድርግ! ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ አፍን በንጹሕ ውሃ ተጉመጥምጦ፣ አየር በደንብ ስቦ፣ ከደረት አስሎ የሚወጣው ወፍራሙ ነው አክታ። ይህንንም ሰው በሌለበት ደጅ ላይ ማድረግ ይሻላል። ካልቸር የሚባለው፣ ጀርሙን በላቦራቶሪ አሳድጎ የሚያየው ምርመራ የበለጠ ይለያል፤ ግን እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ሐኪሙ ምልክቱንና ራጁን አይቶ ያን ያህል መጠበቅ ያሰጋል ካለ ሕክምናውን ያስጀምራል። ይህ በዘፈቀደ የሚደረግ ሳይሆን የታወቀ አሠራር ነው።

የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ የመጀመሪያዎቹን 2 ወራት በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀሪዎቹን 4 ወራት በሁለት። በመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒቱ በነፃ ነው። ሽንት ወደ ብርቱካንማ ቀይ ሲቀየር አትደንግጡ፤ ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው የሪፋምፒሲን ቀለም ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ የማያቋርጥ ማስመለስ ከመጣ ወይም እይታ ከደበዘዘ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ሂዱ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። ሳይሻለው ሳምንታት ካለፉም «እየወሰደ ነው እኮ» ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ወይ ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶ ይሆናል፣ ወይ በሽታው መጀመሪያውኑ ቲቢ አልነበረም። ሁለቱም ሐኪሙ ቶሎ ማወቅ ያለበት ነው።

በዚሁ ሰሞን የኤችአይቪ ምርመራም ይጠየቃል። ለቲቢ ተጠርጣሪ ሁሉ የሚጠየቅ ነው፤ በትዳር ላይ የቀረበ ክስ አድርጋችሁ አትውሰዱት። አብራችሁ ብትመረመሩ ነገሩ ይቀላል።

ሐኪሟ ስለ ሥራ፣ ስለ ዶሮ፣ ስለ ሐይቁ ዋና ሳይቀር ጠየቀችን። ምን አገናኘው?

በጣም ይገናኛል፤ ያልተጠየቃችሁም ከሆነ ራሳችሁ ንገሩ። ባሕር ዳር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። የጥጥ ብናኝ ለዓመታት የሳበ ሰው ደረቱ ሊጠብቅ ይችላል፤ በተለይ ከዕረፍት ቀን በኋላ ሥራ በገባ በመጀመሪያው ቀን ከባሰበት ይህ ለሐኪም ትልቅ ፍንጭ ነው። ፎገራ ላይ ሩዝ ሲፈለፈል የሚነሳው ብናኝ፣ የሻገተ ጭድ፣ ማደሪያ ቤት ውስጥ የሚያድሩ ዶሮዎችና እርግቦች፣ የድንጋይ ጠረባ፣ እነዚህ ሁሉ በተለያየ መንገድ ሳንባን ይጎዳሉ። ሐይቁን የጠየቀችበት ምክንያት ቢልሃርዚያ የሚባለው ከውሃ በቆዳ የሚገባ ጥገኛ ትል ነው። ጣና ዳር ውሃ ውስጥ እየዋኘና እየተራጨ ያደገ ሰው ላይ ይገኛል፤ ለብዙ ዓመት ሳይታከም ጉበትን ከጎዳ በኋላ በሳንባ የደም ሥሮች ላይ ግፊት ሊጨምር ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ቢሆንም የሰገራ ምርመራ ሲታዘዝ «ለሳል ሰገራ ምን ያደርጋል?» እንዳትሉ።

የእኔ ባለቤት ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ «የቤት እመቤት» ብላ ነበር የምታስመዘግበው። ምጣዱንና ጭሱን የጠቀስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሐኪሙ ጥያቄ ሁሉ ሌላ መልክ ያዘ።

«ናሙና ይወሰድ» ተባለ። በመርፌ ከተነካ ይስፋፋል ይላሉ፤ እንፈርም?

ይህን ፍርሃት ብዙ ቤት ሰምቼዋለሁ። በሽታው ሥር ሰዶ ዘግይተው የመጡ ሰዎች ናሙና ተወስዶባቸው ብዙም ሳይቆዩ ሲያርፉ ቤተሰብ መርፌውን ይወቅሳል። ሐኪሞች እንደሚሉት ከሳንባ ናሙና በመውሰድ ሰበብ ካንሰር መስፋፋቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ከመርፌው በኋላ ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ደም መፍሰስና አየር ከሳንባ ወጥቶ ደረት ውስጥ መጠራቀም ነው፤ ለዚህም ነው ለተወሰነ ሰዓት በክትትል ሥር የሚያቆዩት። ከመፈረማችሁ በፊት ናሙናው ምን እንደሚለይ፣ ባይወሰድ ሕክምናው በምን እንደሚቀጥል፣ ውጤቱ የት ሄዶ መቼ እንደሚመለስ ጠይቁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ አስፕሪንም ቢሆን፣ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «ካንሰር ሊሆን ይችላል» አለኝ። ለሚስቴ ልንገራት?

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው።

በእኛ አገር ቤተሰብን ወደ ውጭ ጠርቶ መንገር የተለመደ ነው፤ የሚደረገውም በርኅራኄ ነው። «ትደነግጣለች፣ ተስፋ ትቆርጣለች» እንላለን። ነገር ግን አብሮ የኖረ ሰው ይታለላል ወይ? ባለቤቴ ከክፍሉ ስወጣ ወረቀቱን አይታው አታውቅም፤ ፊቴን ነበር የምታየው። እኔ «ምንም የለም፣ ደህና ነሽ» ስል እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ውስጥ ከካንሰርም የከፋ ነገር አስባ እንደነበር ቆይታ ነገረችኝ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ውጤት ከመምጣቱ በፊት፣ ቤታችሁ ተረጋግታችሁ በተቀመጣችሁበት ሰዓት ራሷን ጠይቋት፦ «ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ አብረሽ መስማት ትፈልጊያለሽ፣ ወይስ እኔ ሰምቼ የሚያስፈልገውን ልንገርሽ?» አንዳንዱ ሁሉንም ማወቅ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ «አንተው ያዝልኝ» ይላል። ሁለቱም መብት ነው። ምርጫው ግን የታመመው ሰው እንጂ የእናት፣ የወንድም ወይም የእኛ አይደለም። መልሷን ለሐኪሙም ንገሩት፤ ያኔ በር ላይ ሹክሹክታው ይቀራል።

ስትነግሯት ደግሞ «ሊሆን ይችላል» የተባለውን «ነው» አታድርጉት፤ «አይደለም»ም አትበሉት። ሦስት ነገር በቂ ነው፦ እስካሁን የታወቀው፣ ገና ያልታወቀው፣ ቀጥሎ የሚደረገውና ቀኑ። «ቀኝ ሳንባሽ ላይ ዕብጠት ታይቷል። ምን እንደሆነ አልታወቀም፤ ከሚጠረጠሩት አንዱ ካንሰር ነው፣ ቲቢም ሊሆን ይችላል። ማክሰኞ ናሙና ይወሰዳል።» ከዚህ በኋላ ዝም ብላችሁ አጠገቧ ተቀመጡ። ካለቀሰች ታልቅስ። «አይዞሽ»ን ቸኩላችሁ አታምጡት።

ለልጆችም ቢሆን በዕድሜያቸው ልክ እውነቱን ንገሩ። «እማዬ ሳንባዋን አሟታል፣ ሐኪሞች እየፈለጉት ነው» የሚለውን የሰባት ዓመት ልጅ ይረዳዋል።

ጠያቂ በዛብን። ሁሉም «ምን አሉ?» ይላል።

ለሁሉም የምትመልሱትን አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለታችሁ ተስማሙበት፦ «ምርመራው አላለቀም፤ ሲያልቅ እንነግራችኋለን።» ከዚያ በላይ መዘርዘር ግዴታ የለባችሁም። ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጠይቅ ብላችሁ ያለ ሐፍረት ተናገሩ። «ምን እንርዳችሁ?» ለሚል ደግሞ ሥራ ስጡት። እኛ ጎረቤታችንን «እትዬ፣ ያንቺን ስትጋግሪ የእኛንም ሊጥ ጨምሪልን፤ በርበሬውም በአንቺ ግቢ ይወቀጥ» ብለን ለመንናት። ካመጣችልን ፍራፍሬ ሁሉ ይህ በለጠ።

ጠበል ልትገባ ትፈልጋለች። መድኃኒቱስ?

መድኃኒቱን ይዛ ትግባ። የሃይማኖት ሰው ነኝ፤ ጠበልን የሚነቅፍ ቃል ከእኔ አትሰሙም። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበልና መድኃኒትን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ስለ ቲቢ መድኃኒትም ነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፤ የእኛ የንስሐ አባት ባለቤቴን «መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው» ብለው ነው ያሰናበቷት። ጾሙንም በተመለከተ ለታመመ ሰው ያሉትን ከእሳቸው ስሙ፤ ክብደቷ እየቀነሰ ያለች ሴት እንቁላልና ወተት ያስፈልጋታል።

ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። ቲቢ አለመሆኑ ገና ካልተረጋገጠ፣ ብዙ ጠበልተኛ በአንድ ጠባብ አዳራሽ ተጠጋግቶ በሚያድርበት ቦታ ማደር ለእሷም ለሌላውም ጥሩ አይደለም። ቁጭ ብላ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥራት ከሆነ ደግሞ በጠዋት ቅዝቃዜ ከመጠመቅ ይልቅ መጠጣቱን ጠይቁላት።

ስሙ ሳይታወቅ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንችላለን?

ጭሱን ማስወገድ። በሽታው ማንኛውም ይሁን፣ ጭስ የሚጠቅመው ሳንባ የለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ይጠቀም፤ መብራት በማይኖርበት ቀን ሌላ ሰው ይጋግር፣ ወይም እንጀራ ይገዛ። ኩበትና እርጥብ እንጨት ከሁሉም ይብሳሉ። ከሰል ስለማይጨስ ደህና ይመስላል፤ ነገር ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ የማይታይና የማይሸት ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ምድጃው ወደ መኝታ ቤት አይግባ።

ቡናውን መከልከል ለባለቤቴ ሕይወቷን መከልከል ነበር። ግቢ አወጣነው። ከሰሉ ከማንጎው ሥር ይቀጣጠላል፣ ቡናውን ልጃችን ትቆላለች፣ ዕጣን የለም፣ ባለቤቴ ነፋሱ ከኋላዋ በሚመጣበት በኩል በርጩማዋን ይዛ ትቀመጣለች። ጭሱ ሲዞር በርጩማዋን ታዞራለች። ቡናው ሲደርስ ግን እንደ ድሮው የምትቀዳው እሷ ናት።

የባሕር ዛፍ ቅጠል አጭሶ መታጠን ይቅር። የባህል መድኃኒት ከወሰደች ምን እንደሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ፤ የቲቢ መድኃኒት ጉበት ላይ ጫና ስላለው ተደራቢ አይፈልግም።

አንድ አልጋ ላይ መተኛት እንችላለን? ዕቃስ እንለይ?

ዕቃ መለየት አያስፈልግም፤ ቲቢ በብርጭቆና በሰሐን አይተላለፍም፣ በአየር እንጂ። እስኪጣራ ድረስ ግን መስኮት ክፈቱ፣ ሲያስል አፉን ይሸፍን፣ ከተቻለ ለጊዜው በተለያየ ክፍል እደሩ። ቲቢ ሆኖ ተገቢው ሕክምና ከተጀመረ 2 ሳምንት ገደማ በኋላ የማስተላለፍ አቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሆነ ግን ሐኪሙን ስሙ። ቤት ውስጥ ያሉ ልጆች ይመርመሩ፤ መከላከያ መድኃኒት ሊሰጣቸው ይችላል። ጠባሳ፣ አስም ወይም ካንሰር ከሆነ ደግሞ ወደ ማንም አይተላለፍም።

ሰው አፍሮ የማይጠይቀው አንድ ነገር ልጨምር። ሪፋምፒሲን የምትወስድ ሴት የምትውጠው ወይም ክንዷ ውስጥ የተቀበረው የወሊድ መከላከያ ኃይሉ ሊደክም ይችላል። ለነርሷ ነግራችሁ ሌላ ዘዴ ምረጡ።

የጣት ኦክስጅን መለኪያ ገዛን። ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር እጨነቃለሁ።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ጤነኛ ሰውም ላይ ቁጥሩ ቆላ ካለው ሰው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ጣት ሲቀዘቅዝና ጥፍር ቀለም ሲቀባ ይሳሳታል። ከስንት ሲወርድ መምጣት እንዳለባችሁ ሐኪሙ በወረቀት ይጻፍላችሁ፤ ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ለክታችሁ መሣሪያውን መሳቢያ ውስጥ ክተቱት።

ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተባልን። ከመሄዳችን በፊት?

ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን አሉን፤ ሲቲ ስካንም እዚሁ ይነሳል። ለሳንባ ስፔሻሊስት ወይም እዚህ ለማይሠራ ምርመራ ግን ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ሌላ ሊጻፍላችሁ ይችላል። ጉዞው በገንዘብም በጉልበትም ከባድ ስለሆነ መጀመሪያ በስልክ ምርመራው በዚያ ሰሞን እየተሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ማሽን ተበላሽቶ ሳምንት የተቀመጡ ሰዎች አውቃለሁ። የጤና መድን ያላችሁ የሪፈር ወረቀቱ ማኅተም እንዳለው እዩ። ሲቲ ስካኑን በሲዲ ያዙ፤ የተጻፈው ሪፖርት ብቻውን አይበቃም። ናሙና ተወስዶ ከነበረ የፓቶሎጂ ስላይዱን፣ ማለትም ናሙናው የተቀመጠበትን ትንሽ መስታወት፣ ተበደሩ፤ እንደገና ከመወጋት ያድናል። ራጅ አይታጠፍም፤ እኛ በሁለት ካርቶን መሀል አድርገን ነው የምንይዘው።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ በደረጃ ብቻ የሚያጥር ትንፋሽ እዚያ በሜዳ ሊያጥር ይችላል፤ ኦክስጅኑ ዝቅ ያለ ታማሚ በመኪናም በአውሮፕላንም ከመጓዙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። መንገድ ሊዘጋም ስለሚችል ከሚያስፈልገው ቀን የሚበልጥ መድኃኒት ይዛችሁ ውጡ። ከደቅ ለምትመጡ ደግሞ ጀልባ በፈለጋችሁት ቀን ስለማይገኝ «የደም፣ የራጅና የሐኪም ቀጠሮዬን አንድ ቀን አድርጉልኝ» ብላችሁ ካርድ ክፍሉን ለምኑ። ብዙ ጊዜ ያደርጉታል።

እኔ ራሴ እንቅልፍ አጣሁ። ይህስ ሕክምና አለው?

አለው። ሌሊት ትንፋሽ እየቆጠሩ ማደር ያደክማል፤ ቀን ላይም በልጅ ላይ ያስጮኻል። እኛ ስለ በሽታው የምናወራበትን ሰዓት ከእራት በኋላ ለአጭር ጊዜ ብቻ አደረግነው፤ ከዚያ ውጭ ስለ ቤታችን እናወራለን። በሳምንት አንድ ቀን እህቷ አብራት ታድራለች፤ እኔ ወንድሜ ቤት ሄጄ እተኛለሁ። ሳምንታት አልፈው ምግብ ካስጠላችሁ፣ ከሥራ ከቀራችሁ ወይም «ምነው እኔ በቀደምኩ» ማለት ከጀመራችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ ሆስፒታሎቻችን የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። እናንተም ሳል ይዟችሁ 2 ሳምንት ካለፈው ተመርመሩ።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት መቼ ነው?

ዓረፍተ ነገር መጨረስ ሲያቅተው፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ሲጠቁር፣ ብዙ ደም ሲያስለው፣ ደረቱን ድንገት ሲወጋው፣ ሲቃዥ ወይም ከእንቅልፍ አልነሳ ሲል፣ አንድ እግሩ አብጦ ትንፋሹ በድንገት ሲያጥር። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ቶሎ የማይደርስ ከሆነ ያገኛችሁትን መኪና ያዙ፣ አስተኝታችሁ ሳይሆን ደገፍ አድርጋችሁ አስቀምጣችሁ ውሰዱት።

«ምንም አላገኘንም፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱ» ብለው ሸኙን። ምን ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ «አስጊ የሆኑት አልታዩም፤ የቀረውን በጊዜ እንየው» ማለት ነው። ትንሽ ዕብጠት ሳንባ ላይ ሲታይ ከወራት በኋላ ሲቲ ስካኑን እንደገና አንስቶ ማደጉን ወይም አለማደጉን ማየት የታወቀ የክትትል መንገድ ነው፤ ትተዋችኋል ማለት አይደለም። የምትመለሱበትን ቀንና ከዚያ በፊት የሚያስመልሷችሁን ምልክቶች አስጽፉ። በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን ክብደት መዝግቡ። እስከ በር፣ እስከ ሱቅ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሳያርፍ መሄድ መቻሉንም ጻፉ፤ «ትንሽ ብሶበታል» ከማለት «ባለፈው ወር ሱቅ ድረስ ይደርስ ነበር፣ አሁን መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ይቆማል» ማለት ለሐኪሙ ይበልጥ ይነግረዋል። የመጨረሻውን ሲቲ ስካን ሲዲም ለማንም አታውሱ፤ ቀጣዩ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።